ግንቡ ተረፈ፤ ነዋሪውስ?

የኒውዮርኩ ፔንሲልቬንያ ባቡር ጣቢያ በ1963 (እ.ኤ.አ.) መፍረስ ሲጀምር ገና የ53 ዓመት ሕንፃ ነበር። የባቡር ኩባንያው ገንዘብ ቸግሮታል፣ ሕንፃው ደግሞ ንብረቱ ነው፤ አታፍርስ የሚለው ሕግ አልነበረም። የቻርለስተን ከተማ ከ1931 ጀምሮ አሮጌ ሰፈሯን በከተማ ደንብ ትጠብቅ ነበር። ብዙው አሜሪካ የነቃው ግን ከፔንሲልቬንያ ጣቢያ ቁጭት በኋላ ነው። ኒውዮርክ በ1965 የቅርስ ሕጓን አወጣች፤ በዓመቱ ኮንግረስ አገር አቀፉን አጸደቀ።

የባለንብረቶች ሙግት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በኒውዮርኩ ግራንድ ሴንትራል ጣቢያ አናት ላይ ከ50 ፎቅ በላይ ለመሥራት ጠይቆ በዚሁ የቅርስ ሕግ የተከለከለው ኩባንያ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከረ፤ በ1978 ከተማዋ 6 ለ 3 ረታች። ደግ አደረገች እላለሁ። ሆኖም ዳኛ ሬንኲስት በልዩነት ሐሳባቸው ያነሡት ነጥብ ዛሬም ይከነክነኛል፦ ሁሉም ለሚጠቀምበት ነገር ዕዳውን ለምን ጥቂቶች ብቻ ይሸከማሉ?

ይህ ዕዳ ከኩባንያ ይልቅ ጡረተኛን ይጎዳል። በታሪካዊነት በተከለለ ሰፈር የምትኖር አሮጊት የበሰበሰ የእንጨት መስኮቷን በርካሽ ፕላስቲክ ልትተካ ብትፈልግ፣ መስኮቱ ወደ መንገድ የሚያይ ከሆነ ብዙ ጊዜ አይፈቀድላትም። የፌዴራል መንግሥቱ 20 በመቶ የእድሳት የግብር ቅናሽ ደግሞ ገቢ ለሚያስገኝ ሕንፃ እንጂ ባለቤቱ ለሚኖርበት ቤት አይሰጥም። አከራዩ ያገኛል፣ እሷ ግን ምንም አታገኝም። እዚህ ላይ የቅርስ ጥበቃ ተቺዎች እውነት አላቸው።

ጥበቃ ድሀ ያፈናቅላል ለሚሉት ግን የዋሽንግተኑን ዩ ስትሪት ሰፈር አሳያቸዋለሁ። ጥቁሮች በነጮች ሆቴል በማይስተናገዱበት ዘመን፣ በ1919 እዚያ በራሳቸው ገንዘብና በራሳቸው ባለሙያዎች ዋይትሎ ሆቴልን ሠሩ። ከ1968ቱ ሁከት በኋላ ሰፈሩ ተጎሳቆለ፣ ሆቴሉም ተዘጋ። ማፍረሱ ይቀል ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግን ታድሶ አነስተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች አፓርታማ ሆነ፤ የዳንስ አዳራሹም ሳይጠፋ ቀረ። የእኛ ሰዎችም በዘጠነኛው ጎዳና አካባቢ ምግብ ቤት የከፈቱት በሰፈሩ አሮጌ ቤቶች ውስጥ ነው። ዛሬ ኪራዩ ንሯል፤ ለዚህ ግን ቅርስ ጥበቃን ብቻ መክሰስ በ1991 የተከፈተውን የሜትሮ ጣቢያና በዙሪያው የተተከሉትን አዳዲስ ፎቆች መርሳት ይሆናል።

እኔ ወደ ጥበቃው አደላለሁ፤ ወጪው ግን ይከፋፈል። ዋሽንግተን አነስተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው የታሪካዊ ቤት ባለቤቶች የእድሳት ድጎማ ትሰጣለች። እንዲህ ያለ ድጎማ የሌለው ከተማ አሮጊቷን በመስኮት ከመቅጣቱ በፊት፣ ቢያንስ ከመንገድ የማይታየውን የጓሮውን ወገን እንደ አቅሟ እንድታድስ ሊፈቅድላት ይገባል።