ልጅ ካነበበ በኋላ

ወላጆች ሆይ፤ ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት ታዘው የሚያነቡት መጽሐፍ ምን እንዳሳሰባቸው ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? ይህን ማንሣታችን አንድ ተማሪ ስለ ካማራ ላዬ የልጅነት ታሪክ የጻፈውን ሐተታ ስለ ተመለከትን ነው።

ካማራ ላዬ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ1928 ዓመት፥ ያን ጊዜ ፈረንሳዮች ይገዙት በነበረው በጊኒ አገር፥ በኩሩሳ ከተማ ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭና ወርቅ ሠሪ ነበሩ። ልጁ በፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ተምሮ ወደ ኮናክሪ፥ ከዚያም ወደ ፈረንሳይ አገር ተሻገረ። በባዕድ አገር ሳለ ቤቱን እየናፈቀ የጻፈው መጽሐፍ በ1953 በፓሪስ ታተመ። አባቱ ወርቅ ሲያቀልጡ ሥራው እንደ በዓል ይከበር ነበር፤ አዝማሪው ኮራ የሚባለውን ባለ አውታር መሣሪያ እየመታ ያወድሳቸዋል። ልጁ ግን ውሎው ትምህርት ቤት ነበርና የአባቱን ምሥጢር ሳይወርስ ቀረ፤ የመጽሐፉም ኀዘን ይኸው ነው።

ተማሪው በመጀመሪያ የመጽሐፉን ፍሬ ነገር ብቻ አሳጥሮ አቀረበ። መምህሩም፥ «ይህ የደራሲው ነው፤ የአንተ የት አለ?» ብለው መለሱለት። በሁለተኛው ጽሑፉ የእርሱም አባት ብረት ቀጥቃጭ መሆናቸውን፥ ይህንንም ከጓደኞቹ ሲሰውር መኖሩን ገለጸ። «በኩሩሳ የሚወደስ እጅ በእኛ ዘንድ ስለ ምን ይሰደባል?» ሲልም ጠየቀ። ከዚያም ወደ አባቱ ሥራ ቤት ገብቶ ወናፍ እንዴት እንደሚነፋ፥ የጋለ ብረት መቼ ውኃ ውስጥ እንደሚነከር ጠየቃቸው። አባትየውም ይህን ከልጆቻቸው የጠየቃቸው እርሱ የመጀመሪያው መሆኑን ነገሩት።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ከልክለው ነበር። ዐዋጅ አደባባዩን ይገዛል፤ በማዕድ ዙሪያ የሚነገረውን ቃል ግን የሚገዛው የቤቱ ባለቤት ነው። የሹም ልጅም የቀጥቃጭ ልጅም በአንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉና፥ በቤታችን የምንናገረው ንቀት በማግሥቱ በትምህርት ቤት የሌላውን ልጅ አንገት ያስደፋል።

ስለዚህ ልጃችሁ መጽሐፉን ዘግቶ ሲነሣ፥ «ምን ይላል?» ከማለት አልፋችሁ «ስለ እኛስ ምን አሳሰበህ?» በሉት። መልሱ የሚያሳፍረን ቢሆን እንኳ ዝም አናሰኘው።