«በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም» የተባለው መቼ ተመርምሮ ነው?

እሳት ተነስቶ የሱቅ መደዳ ሲወድም በማግስቱ የሚነበበው ዜና ሁሌም አንድ ነው። «ግምቱ ይህን ያህል ሚሊዮን ብር የሆነ ንብረት ወድሟል፤ በሰው ሕይወት ላይ የደረሰ ጉዳት የለም።» ብሩን ኮሚቴ ገምቶታል። የሰውን ጉዳት ማን ገመተው? በየትኛው ምርመራ?

2011 ዓ.ም. ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ምስክር ነው። በጥቅምት መጨረሻ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓራዳይዝ የምትባል ከተማ በሰደድ እሳት ጠፋች። ከ18 ሺህ በላይ ቤትና ሕንፃ ነደደ። የግዛቲቱ የአየር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በኋላ ጭሱን ሲመረምር፣ በአቅራቢያዋ ቺኮ ከተማ አየር ውስጥ የነበረው እርሳስ (የመጻፊያው አይደለም፣ ብረቱ) ለ17 ሰዓት ያህል ከወትሮው 50 እጥፍ ገደማ ሆኖ አገኘው። ሚያዝያ 7 ደግሞ የፓሪሱ ኖትር ዳም ተቃጠለ። ጣሪያው ላይ በመቶ ቶን የሚቆጠር እርሳስ ነበር። የጤና ባለሥልጣኑ በአካባቢው ላሉ ነፍሰ ጡሮችና ከ7 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት የደም ምርመራ እንዲደረግ የመከረው ሁለት ወር ሳይሞላ ነው። እንዲያም ሆኖ ዘገያችሁ ተብለው ተወቅሰዋል።

ኖትር ዳም በነደደበት ሰሞን ሰሜን ተራሮችም እየነደደ ነበር። ገበሬው፣ ተማሪው፣ ወታደሩ ቅጠል ይዞ እሳቱ ላይ ተረባረበ፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ባለሙያ መጣ። ከዚያ በኋላ የተጠየቀው ስንት ሄክታር ነደደ፣ ዋልያው ተረፈ ወይ የሚል ነበር። ቅጠል ይዞ ሳምንት ሙሉ ጭስ ሲምግ የሰነበተው ሰው ሳንባስ?

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መለየት አለበት። ግጭ ላይ የነደደው ጓሳና አስታ ነው። የሣርና የቁጥቋጦ ጭስ ዋና ጉዳቱ በደቃቁ ብናኝ ሳንባና ልብ ላይ ነው፤ ለዚያ ሁሉ ሰው የእርሳስ ምርመራ ማዘዝ ገንዘብ ማባከን ነው። ብረቱ በብዛት የሚመጣው እሳቱ ሰው የሠራውን ሲበላ ነው፤ ቀለም፣ ባትሪ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ቆርቆሮ፣ መኪና።

ይህን ወደ አምባ ጊዮርጊስ ያምጡት። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዚህች የወገራ ከተማ እሳት አንድ መደዳ ቢበላ ምን ይሆናል? በዚያ ደጋ የተቃጠለ ነገር እንደ ዋዛ አይጣልም። ቆርቆሮው ተቀጥቅጦ ይቃናና ሌላ ቤት ይከድናል። በከፊል የተረፈው በር፣ ከነቀለሙ ተፈልጦ፣ ብርድ ባለበት አገር ምድጃ ውስጥ ይገባል። ምስማሩን ልጆች ከአመድ ይለቅማሉ፤ በዚያው እጃቸው ቆሎ ይበላሉ። አገሪቱ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የሚገድብ ደንብ አላት፤ ከደንቡ በፊት የተቀባውን በር ግን ደንቡ አልፋቀውም።

እርሳስ ጉዳቱን በማግስቱ አያሳይም። የሚጎዳው የሕፃኑን አእምሮ ነው፤ ልጁ ከዓመታት በኋላ ትምህርት ሲከብደው «ሰነፍ» ይባላል። ማስረጃውም አይጠብቅም። ደም ውስጥ ያለው እርሳስ በአንድ ወር ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፣ ከፊሉ አጥንት ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይቀመጣል። አርሴኒክ ደግሞ ከሽንት የሚጠፋው በቀናት ነው። ኮሚቴው ንብረት ገምቶ፣ ቃለ ጉባኤ ጽፎ፣ ማኅተም እስኪመታ ማስረጃው ይሄዳል።

«መድኃኒት ከሌለ ምርመራው ምን ይፈይዳል?» የሚሉ አሉ። ክርክሩ ብልህ ይመስላል፤ ግን ተሳስቷል። እርሳስን ከሰውነት የሚያወጣው መድኃኒት የሚሰጠው መጠኑ በጣም ከፍ ላለ ጥቂት ሰው ነው። ለሌላው ሕክምናው ምንጩን ማራቅ ነው፦ አመዱን በደረቁ ሳይሆን ውኃ ረጭቶ መጥረግ፣ የልጆችን እጅ በሳሙና ማስታጠብ፣ ቀለም የተቀባ እንጨት ምድጃ ውስጥ አለመክተት፣ ብረትና ካልሲየም ያለው ምግብ መስጠት፤ ብረት ያነሰው ሕፃን እርሳስን ይበልጥ ይመጣልና። የትኛው ቤት ቅድሚያ እንደሚሰጠው የሚታወቀው በምርመራ ነው።

«ድሃ አገር ነን» የሚለውም አያስኬድም። ሁሉም ይመርመር ያለ የለም። ከፍርስራሹ አጠገብ የሚኖሩ ከ6 ዓመት በታች ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና ፍርስራሹን ያነሱ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ በአንድ መደዳ ቃጠሎ የሰዎቹ ቁጥር ከጤና ጣቢያ የአንድ ቀን ተራ አይበልጥም። ከጣት በሚወሰድ ሁለት ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውጤት የሚሰጥ፣ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አለ። ጣቱ አስቀድሞ በደንብ መታጠብ አለበት፤ አለዚያ የሚለካው አመዱ ነው። ከፍ ያለ ውጤት ሲገኝ ከደም ሥር ተቀድቶ ይረጋገጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በዴሲሊትር ደም 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ሲገኝ ምንጩ ይፈለግ ይላል።

መሣሪያውን ክልሉ ገዝቶ ጎንደር ላይ ቢያስቀምጥ ለአምባ ጊዮርጊስም፣ ለዳባትም፣ ለደባርቅም ይደርሳል። የንብረት ገማች ኮሚቴው ሲቋቋም አንድ የጤና ባለሙያ አባል ይሁን፤ ምርመራው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይደረግ። እስከዚያው ድረስ ዜና አንባቢው ዓረፍተ ነገሩን ያስተካክል፦ በሰው ላይ የደረሰው ጉዳት አልተመረመረም።