ቀይ ማሊያ ለለበሰችውስ ማን ያጨብጭብ?

አዲሱ ዓመት በገባ በሦስተኛው ቀን፣ መስከረም 3 ቀን 2018፣ የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ቶኪዮ ላይ ይጀመራል፤ እስከ መስከረም 11 ይቆያል። የአርብ ቡናችን ከወዲሁ ግምት በግምት ሆኗል። የእኔንም ግምት እጽፋለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ባለፈው አርብ የተጨቃጨቅንበትን ላንሳ፣ ሳያልቅ ነው የተበተንነው።

ጥያቄው ይህ ነበር፦ ኢትዮጵያ ተወልዳ ለሌላ አገር የምትሮጥ ልጅ ከፊት ብትወጣ እናጨብጭብላት ወይስ ፊታችንን እናዙር? አንዳንዶቻችሁ "በገንዘብ የተሸጠች" አላችሁ። እኔ በዚህ ቃል አልስማማም።

ሩቅ ሳንሄድ፣ ከዚሁ ከኮበር ተነስቶ ባህሬን የሚያደርሰው የንጉሥ ፋህድ ድልድይ 25 ኪሎ ሜትር ነው። አሠሪዎቻችን በሳምንት መጨረሻ በመኪና የሚሻገሩት ማለት ነው። ማዶ ባለችው ትንሽ አገር ስም የሮጠች የአርሲ ልጅ ነበረች። አገር ቤት ስሟ ዘነበች ቶላ ነው። መጀመሪያ ስዊዘርላንድ ገብታ ጥገኝነት ጠየቀች፣ በኋላ ባህሬን ዜግነት ሰጠቻትና መርየም ዩሱፍ ጀማል ተባለች። በ1,500 ሜትር እ.ኤ.አ. በ2007 ኦሳካ ላይ፣ በ2009 ደግሞ በርሊን ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በ2012 የለንደን ኦሎምፒክ ሦስተኛ ወጥታ ነሐስ አገኘች፤ ከፊቷ የገቡት ሁለት ቱርካውያን በዶፒንግ ሲሰረዙ ወርቁ የእሷ ሆነ።

"ስሟን እንኳ ለወጠች" ያለችኝ እህት ነበረች። ለእኛ ስም መለወጥ አዲስ ነገር ነው እንዴ? ከመሃላችን ፓስፖርቷ ላይ ያለው ስም እናቷ ያወጣችላት ያልሆነ ስንት ሴት አለች? ደላላው በሰጣት ስም ኢቃማ ያወጣች፣ ማዳም ስትጠራት መጀመሪያ ሰሞን "ማንን ነው የምትጠራው?" ብላ ዞር ዞር ያለች ስንት አለች? እንደዚያ ሆነን ዘነበችን ለመስደብ አፋችን እንዴት ይከፈታል?

ሌላዋ እህት ያለችው ግን ከባድ ነው፤ ዘልዬው አላልፍም። "እኛ ቤተሰብ ልንረዳ ወጣን እንጂ ባንዲራ አልቀየርንም" ነው ያለችው። እውነቷን ነው፣ ልዩነት አለው። ግን ሌላውንም እንየው። ለአንድ ርቀት አንድ አገር የሚያሰልፈው ሦስት ሰው ነው፣ የወቅቱ ሻምፒዮን ካለው አራት። ኢትዮጵያ ውስጥ አምስተኛና ስድስተኛ የምትወጣው ልጅ ሌላ አገር ብትሆን አንደኛ ልትሆን ትችላለች፤ እኛ ዘንድ ግን ቤቷ ቁጭ ብላ ነው የምታየው። እግሯ ደግሞ እንደ ዲፕሎማ ሃያ ዓመት አይቆይላትም። ያላት ጥቂት ዓመት ናት።

እኔ የምቃወመው ልጅቷን ሳይሆን ንግዱን ነው። የዓለም አትሌቲክስ እ.ኤ.አ. በ2018 ደንቡን አጠበቀ፦ ከ20 ዓመት በታች አገር መቀየር የለም፣ የቀየረም ለአዲሱ አገር ለመሮጥ ሦስት ዓመት ይጠብቃል። ጥሩ አደረጉ። ለጋ ልጆችን እየለቀሙ ባንዲራ ማልበስ ምን እንደሚመስል ደላላ ያየ ሰው አይጠፋውም። ሦስት ዓመት መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ከከፊል ወደ ከፊል ለመዛወር ወራት የጠበቀች ትነግራችኋለች።

ሲፋን ሀሰንስ? የአዳማ ልጅ፣ በ15 ዓመቷ ብቻዋን ተሰዳ ሆላንድ የገባች፣ የነርስነት ትምህርት የተማረች። በፓሪሱ የ2024 ኦሎምፒክ ማራቶን መጨረሻ ላይ ከትዕግስት አሰፋ ጋር በትከሻ ተገፋፍተው ሲፋን በ3 ሰከንድ ቀደመች፤ የኢትዮጵያ ቡድን ቅሬታ አቀረበ፣ ውድቅ ሆነ። ያን ቪዲዮ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ለእኔ ሁለቱም ገፍተዋል። ለትዕግስት አልቅሻለሁ፣ አልደብቅም። ግን ከዚያ በኋላ በየስልካችን የዞረው ስድብ ስለ ሩጫው አልነበረም፣ ስለ መሰደዷ ነበር። "ስደተኛ" የሚለው ቃል እንደ ስድብ ሲወረወር እኔንም መታኝ፣ እናንተንም መታችሁ።

ጉዳፍና ቀይ ማሊያ የለበሰች ጎን ለጎን ቢመጡ ጉሮሮዬ የሚጮኸው ለጉዳፍ ነው፣ ማንም አያስተምረውም። ለማን መጮህ ሌላ፣ ማንን መስደብ ሌላ።

አሁን ወደ ግምቱ። ቅዳሜ መስከረም 3 የሴቶች 10,000 ሜትር አለ። በቡዳፔስት እ.ኤ.አ. በ2023 ጉዳፍ ፀጋይ፣ ለተሰንበት ግደይና እጅጋየሁ ታዬ ከአንድ እስከ ሦስት ተከታትለው የገቡበት ርቀት ነው። ዘንድሮ ግን ኬንያዊቷ ቢያትሪስ ቼቤት አስፈሪ ናት፤ ፓሪስ ላይ 5,000ውንም 10,000ውንም ወስዳለች፣ በዚህ ዓመት ደግሞ 5,000 ሜትርን ከ14 ደቂቃ በታች የሮጠች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች፣ 13:58.06። ሩጫው ቀዝቅዞ የመጨረሻው ዙር ላይ ከደረሰ የቼቤት ነው። ጉዳፍ ቀድማ ካላፈጠነችው ወርቁን አልጠብቅም፣ ሜዳሊያ ግን አታጣም።

ማራቶኑ እሁድ በእኛ ሌሊት ነው። ትዕግስት አሰፋ እላለሁ። ዘንድሮ ለንደን ላይ 2:15:50 ገብታለች። ፊት የ800 ሜትር ሯጭ ነበረች፣ ሪዮ ኦሎምፒክ የሄደችው በዚያ ርቀት ነው፤ ስለዚህ መጨረሻ ላይ እግር አላት። ሲፋን ቶኪዮ የለችም። የምፈራው ፔሬስ ጄፕቺርቺርን ነው፣ ከዚያ ደግሞ ሙቀቱን።

ወንዶቹን ባጭሩ፦ በ10,000 ዮሚፍ ቀጀልቻ ወይም ሰለሞን ባረጋ። ሰለሞን በ2021 የኦሎምፒክ ወርቅ የወሰደው እዚያው ቶኪዮ ነው።

በሴቶች 3,000 መሰናክል ደግሞ የድልድዩ ማዶ ጉዳይ ይመለሳል። የ2023 የዓለምና የ2024 የኦሎምፒክ ሻምፒዮኗ ዊንፍሬድ ያቪ ኬንያ ተወልዳ ለባህሬን ትሮጣለች። ጎረቤት ቤት የምትሠራ ኬንያዊት ጓደኛዬን "የማን ናት?" ብላት ሳቀች። ፌይዝ ቼሮቲች ብታሸንፍ የእኛ፣ ያቪ ብታሸንፍም የእኛ አለችኝ። ሁለት ጊዜ ልታጨበጭብ ተዘጋጅታለች! እኔ ወርቁን ለቼሮቲች ወይም ለያቪ ትቼ ሦስተኛዋን ሲምቦ አለማየሁን አድርጌያለሁ።

ለማየት ለምትፈልጉ፦ ቶኪዮ ከእኛ በ6 ሰዓት ይቀድማል። በሀበሻ ሰዓት ለምትቆጥሩ ደግሞ ሂሳብ አያስፈልግም፣ የቶኪዮው የግድግዳ ሰዓት የሚለው ቁጥር የእኛው ነው። እዚያ ማታ 9 ተኩል ሲሉ እዚህ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ተኩል ነው፤ ምሳ ተነስቶ ማዳም ጋደም የምትልበት ሰዓት። ማዳመጫውን አንድ ጆሯችሁ ላይ ብቻ አድርጉት።

ትዕግስት ካላሸነፈች በሚቀጥለው አርብ ቡናውን የማፈላው እኔ ነኝ፣ እጣኑም በእኔ ወጪ። ካሸነፈች ግን "የተሸጠች" ያለችው እህት ታፈላለች።