20 ደቂቃ በጪጩ

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ከመኪና ሳንወርድ መጻፍ የምንተወው መቼ ይሆን? በቀደም ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ ስንሄድ ጎማ ተነፈሰና ጪጩ ላይ 20 ደቂቃ ቆምን። ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መመዝገቡን አውቃለሁና ደብተሬን አወጣሁ፦ ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ ቡናና እንሰት፣ ሁሉም አረንጓዴ። በቃ፣ ጽሑፉ አለቀልኝ!

አቮካዶ የሚሸጡ እናት ግን “ምን ትጽፋለህ ልጄ?” አሉኝ። ነገርኳቸው።

“አራት ወንዶች ልጆች አሉኝ፤ ያቺን ጓሮ ለየትኛው ላውርስ?”

ለእኔ የቅርሱ ትልቁ ዜና ይኼ ነው። መሬቱ እየተሸነሸነ ካነሰ ዛፉን ማን ያቆየዋል? ልጠይቃቸው ስል ሾፌሩ ክላክስ አደረገ። ስማቸውን እንኳን አልያዝኩም።