ያልተመዘገበ ሁሉ ጥራጊ አይደለም

በጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል የአደይ አበባን ፎቶግራፍ በመስከረም ያነሣ፣ ምስሎቹን የሚተነትን ኮድም የሚጽፍ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ይታሰብ። ፎቶዎቹ ከባድ ስለሆኑ በጊት አይመዘግባቸውም፤ ከኮዱ ጋር በአንድ ፎልደር ይተዋቸዋል። በኅዳር ፎልደሩን ለማጽዳት «ጊት ክሊን» የተሰኘውን ትእዛዝ በ«ኤፍ» እና በ«ዲ» አማራጮች ይሰጣል። ትእዛዙ የሚያየው ፋይሉ መመዝገብ አለመመዝገቡን እንጂ ጥቅሙን አይደለም። የጠፋው ወደ ቆሻሻ ቅርጫት አይገባም፤ በጊት ታሪክም ቅጂ የለውም። አበባው እስኪመለስ ቀጣዩ መስከረም ሊጠበቅ ነው። ፎቶዎቹን ችላ በሚባሉ ፋይሎች ዝርዝር ማስገባትም «ኤክስ» ከታከለ አያድንም።

የሚጠፋውን በ«ኤን» አማራጭ አስቀድሞ ማየት ተገቢ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ሆኖም የደከመ ሰው ይረሳል። አማካሪዎች የጥናት ንድፍ ሲያጸድቁ ጥሬ መረጃው ከኮዱ ፎልደር ውጭ እንዲቀመጥ ቢያስገድዱ ይሻላል።