ቁርጭምጭሚት ተሰብሮ ቆዳው ሲከፈት



ከዓለም ከተማ ቁልቁል ወደ ጀማ ሸለቆ የሚወርደውን ድንጋያማ መንገድ በእግሩ የሄደበት ሰው፣ በክረምት ጭቃ ቁርጭምጭሚት እንዴት እንደሚታጠፍ ያውቀዋል። ብዙውን ጊዜ ወለምታ ነው፤ በዕረፍት ይድናል። አንዳንድ ጊዜ ግን ዐጥንቱ ተሰብሮ ቆዳውን ይቀድዳል። የዛሬው ነገራችን ስለዚህኛው ነው።

በቁርጭምጭሚት ውስጠኛ ወገን ዐጥንቱን ከቆዳው የሚለይ ሥጋ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ እግሩ በኀይል ሲጠመዘዝ ቆዳው በዚያ በኩል ይተረተራል፤ የመንገዱም ዐፈርና ፋንድያ እስከ መገጣጠሚያው ድረስ ይገባል። በአሜሪካ ጉስቲሎና አንደርሰን የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት ጥናት 1,025 ክፍት ስብራቶችን መርምረው በ3 ደረጃ ከፍለዋቸዋል፤ በመጀመሪያው ደረጃ ቁስሉ ከ1 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ነው። እንግዲህ ቤተ ሰብ በቁስሉ ማነስ እንዳይታለል፤ ከስብራቱ አጠገብ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ብትኖር እንኳ ክፍት ስብራት ነው ብሎ ይቁጠረው።

አስቀድሞ እግሩን ሳይሆን ሰውየውን ተመልከቱ። ከገደል የወደቀ ከሆነ ደኅና ይተነፍሳልን? ራሱን ያውቃልን? አንገቱ ወይም ሆዱ ተመትቶአልን? ደም የሚፈስ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ይዞ መጫን ነው። ከዚያም ጫማውን ቀድዶ ማውለቅ፣ ጣቶቹንም መዳሰስ ይገባል። ሙቀት አላቸውን? ሲነኩአቸው ይሰማዋልን? ገርጥተውና ቀዝቅዘው ከተገኙ ደም አልደረሳቸውምና ለአንድ አፍታም መዘግየት አይገባም።

የወጣውን ዐጥንት ወደ ውስጥ መግፋት ፈጽሞ ክልክል ነው። ቅቤም፣ የቡና ዱቄትም፣ ቅጠልም አይደረግበት። በግልጽ የሚታየውን ዐፈር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አጥቦ፣ በዚያው ውሃ በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ መሸፈን ይበቃል። ስልክ ያለው ሰው አስቀድሞ ቁስሉን ፎቶግራፍ ቢያነሣው፣ የሚያየው ሁሉ ጨርቁን ከመግለጥ ይድናል። ቀጥሎ ጋቢ አጥፎ ከጉልበት በታች እስከ ውስጥ እግር ጠቅልሎ ሳያጠብቁ ማሰር ነው፤ ጣቶቹ ግን ይታዩ። በቃሬዛውም ላይ እግሩ ከፍ ይበል። ማደንዘዣ ሊሰጠው ይችላልና ምግብም ጠላም አይቅረብለት። በእኛ አገር የተጎዳን ሰው ሳያቀምሱ መሸኘት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ በዚህ ቀን ግን ነውሩ ይቅር።

ወጌሻ በአገራችን የተከበረ፣ ብዙ ሰውም የረዳ ነው። ቆዳው የተከፈተ ስብራት ግን የእርሱ ሥራ አይደለም። ያበጠ እግር በቀርከሃ ተጠፍሮ ሲታሰር ደም ያጣና ይበሰብሳል፤ ፍጻሜውም መቆረጥ ነው። ዶክተር መኮንን እሸቴ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ወጌሾች የ1 ቀን ትምህርት ከተሰጣቸው በኋላ በዚህ ምክንያት የሚደርሰው መቆረጥ መቀነሱን አሳይተዋል። እንግዲህ ጥፋቱ የክፋት ሳይሆን ያለማወቅ ነበር።

በመርሐ ቤቴ የሚኖር ሰው በዓለም ከተማ እናት ሆስፒታል አለው። በሆስፒታል የሚጠበቀው ይህ ነው፤ በደም ሥር የሚሰጥ የተሕዋስያን መግደያ መድኃኒት፣ ከተቻለ በ1 ሰዓት ውስጥ፤ የቴታነስ መከላከያ፤ መገጣጠሚያው ከስፍራው ወጥቶ ከሆነ ማቅናት፤ ከዚያም በ24 ሰዓት ውስጥ ቁስሉን በቀዶ ሕክምና ማጠብና የሞተውን ሥጋ ማንሣት። ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ፣ መኪናው ከመነሣቱ በፊት መድኃኒቱ መሰጠቱን ጠይቁ፤ የተሰጠበትንም ሰዓት በወረቀት አስጽፋችሁ ያዙ።