«ፓስወርድ አስገቢ» አለኝ!

በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ የሆነች እህታችን የላከችልኝ ደብዳቤ ምሬት የተሞላ ነው። ለዓመታት እንዳሻት ያዘዘችው ኮምፒዩተር፣ ማንም ሳይነግራት፣ ፕሪንተር ልትጭንበት ስትል የአድሚኒስትሬተር ፓስወርድ ይጠይቃት ጀመር። «ሌባ ነሽ ያሉኝ ያህል ተሰማኝ» ትላለች። (እኔም ብሆን አኮርፍ ነበር!)

እህቴ፣ አይዞሽ። ባለሙሉ መብት ሆነሽ ስትሠሪ በፍላሽ የገባ ቫይረስም ያንኑ መብት ይዞ ይፈነጫል። በኤክስፒ ዘመን አብዛኛው ሰው እንዲያ ነበር፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ባወጣው ቪስታ ላይ ፈቃድ መጠየቅ ያስጀመረው ለዚሁ ነው። ሳይነግሩሽ ማድረጋቸው ግን ነውር ነው።

«ፓስወርዱን እንስበርልሽ» የሚሉ ልጆችን እንዳትሰሚ፣ እንጀራሽን ያሳጡሻል። የሚያስፈልጉሽን ፕሮግራሞች በወረቀት ዘርዝረሽ፣ ወር ሳያልቅ እንዲጫኑልሽ ጠይቂ፤ ግልባጩን ለራስሽ አስቀሪ። ደመወዝ ከዘገየ ሠራተኛው የሚጮኸው አንቺ ላይ ነውና ዛሬውኑ ስጪያቸው።